የእናቴ የጡት ልጆች

እናቴ ወንድ ልጅ አልወለደችም። ደባርቅ ገበያ መሃል ስታልፍ ግን «እማዬ» እያለ ከመቀመጫው የሚነሣላት ወንድ ብዙ ነበር። የባጃጅ ሹፌር፣ ባለሱቅ፣ ሽንኩርት አውራጅ፣ አንድ ክላሽ ያነገተ ሚሊሻ ሳይቀር። እኔ ዳባት አስተማሪ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷን ለማየት በሚኒባስ ስመጣ ከመናኸሪያው እስከ በራችን ድረስ «እኅቴ፣ ቦርሳሽን ላግዝሽ» የሚለኝ አላጣም ነበር። የአንዳንዶቹን ወንድሞቼን መልክ እንኳ በደንብ አላውቀውም። ወንድሞቼ ያደረገቻቸው እሷ ናት፤ በአውራ ጣቷና በማር።

እናቴ የጃናሞራ ሰው ናት። እሷ ባደገችበት አገር የሥጋ ዝምድና የሌላቸው ሰዎች ዝምድና ሲፈልጉ ጡት ይጣባሉ። ትልቁ ሰው አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ይሰጣል፤ ሌላው ይጠባል። ከዚያ ወዲያ እናትና ልጅ ናቸው፤ የእናትየው ልጆች ደግሞ እኅትና ወንድሞቹ ይሆናሉ። መጋባት የለም፣ በዚያ ዐይን መተያየትም የለም። የጥንት ሰዎች ይህን የሚያደርጉት ጠብ ለማብረድ ወይም ከጉልበተኛ ለመጠጋት ነበር ይባላል። እናቴ ያዋለችው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ለተከራዮቿ።

ከቤታችን ጀርባ በጭቃ የተመረጉ ትንንሽ ክፍሎች አሉ። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከመካነ ብርሃንና ከዚያ ማዶ ካሉ መንደሮች የሚመጡ ሴት ተማሪዎች ይከራዩዋቸዋል። እዚያም ትምህርት ቤት አለ፤ ግን ልጁ ጎበዝ የሆነለት ገበሬ ደባርቅ ይሻላል ብሎ ያምናል። አባት ልጁንና አንድ ማዳበሪያ ዱቄት ይዞ ይመጣል፣ ክፍሉን ዞር ብሎ ያያል፣ ከዚያ እናቴን ቀና ብሎ አይቶ «አደራ» ይላታል። ሌላ ውል የለም። እናቴ «ተከራዮቼ» ስትል ሰምቻት አላውቅም። «ልጆቼ» ነበር የምትላቸው።

አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ ብቻዋን ከተማ ስትኖር ምን እንደሚከባት እናቴ አሳምራ ታውቃለች። ሞኝ አልነበረችም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በኋላ ብዙ ሰው ሞኝ አላት። እኔ በትምህርት ቤታችን ስለ ሕፃናት ጥበቃ በተሰጠን ሥልጠና ላይ ጥቃት የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቅ ሰው ነው ተብሎ ተነግሮኛል። እናቴ ይህንን ያለ ሥልጠና ታውቀው ነበር። «ሌባን አጥር ያግደዋል» ትለኝ ነበር፤ «በየቀኑ ደኅና ዋልሽ የሚለኝን ሰውዬ ግን ምን ያግደዋል? እሱን ዘመድ ማድረግ ነው እንጂ።»

ስለዚህ በሰፈሩ አንድ ወንድ ወደ ልጆቹ ዐይኑን የጣለ ሲመስላት፣ ወይም ልጆቹ በሥራው ምክንያት ሳይፈልጉት የማይቀሩ ሰው ከሆነ፣ ትጠራዋለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን ይቀመጣሉ፣ ጎረቤት ለምስክር ይጠራል፣ ተማሪዎቹ ነጠላቸውን አደግድገው ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ። ሰውየው መሃል ላይ ይንበረከካል። እናቴ አውራ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነክራ፣ «ከዛሬ ጀምረህ ልጄ ነህ። እኒህ እኅቶችህ ናቸው። በክፉ ብታያቸው እኔን ያየህ ያህል ይቆጠርብህ» ትለዋለች። እሱ እያፈረ ይጠባል። የባጃጁ ልጅ ተራ ሲደርስ የስልኩን ማዳመጫ ከጆሮው መንቀል ረስቶ ስለነበር ዘፈኑ እስከኛ ድረስ ይሰማ ነበር፤ የንስሐ አባታችን «መጀመሪያ ይሄንን ነገር ንቀለው» አሉት።

ነገሩ ደግሞ ይሠራ ነበር። ያ የባጃጅ ልጅ ከዚያ በፊት ከተማሪዎቹ አንዷን እየተከተለ መግቢያ መውጫ አሳጥቷት ነበር። ማሩን ከጠባ በኋላ በራችን ላይ የሚቆሙ ጎረምሶችን የሚያባርረው እሱ ሆነ። እናቴ ይህን ስታይ እንዴት ያለ ደስታ እንደሚሰማት ልነግራችሁ አልችልም። አንዴ «ከተማውን በሙሉ ወንድሜ ካደረግሽው እኔን ማን ሊያገባኝ ነው?» ብዬ ቀለድኩባት። «ጎንደር ሰው ጠፋ?» አለችኝና እስኪያስላት ሳቀች።

የመጨረሻው የጡት ልጇ የአይሱዙው ሹፌር ነበር።

ይህ ሰው በደባርቅና በመካነ ብርሃን መካከል ጭነት ያመላልሳል። ትዳር ያለው፣ በአርባዎቹ ውስጥ የሚገኝ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። የልጆቹን ስንቅ ከወላጆቻቸው ተቀብሎ የሚያመጣው እሱ ነው፤ ዱቄቱን፣ ሽሮውን፣ አንዳንዴም በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ። ለበዓል ወደ አገራቸው ሲሄዱም የሚወስዳቸው እሱ ነው። ቀድሞ ልጆቹ ከጭነቱ ላይ ከማያውቋቸው ወንዶች ጋር ተፋፍገው ነበር የሚሄዱት፤ ይህ እናቴን ዕረፍት ይነሳት ነበር። ስለዚህ ማር ካጠባቻቸው ሰዎች ሁሉ በዚህ ሰው ላይ የበለጠ አስባበታለች። የጠባ ዕለት አለቀሰ። «እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ነው የሞተችብኝ» አለ። እናቴም አለቀሰች። ያ እንባ የውሸት ነበር ብዬ ብገላገል ደስ ባለኝ፤ ግን አይመስለኝም። እውነተኛ እንባ ነበር የሚመስለኝ፤ እስከ ዛሬ የሚያበግነኝም ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ጋቢናው የልጆቹ ሆነ። እናቴ በኩራት «እኅቶቹን ከጎኑ አስቀምጦ ነው የሚወስዳቸው» ትል ነበር። ወላጆችም ሰምተው ደስ አላቸው።

በዚያ ዓመት ከመጡት ልጆች ትንሿ የቄስ ልጅ ነበረች። አባቷ ከመካነ ብርሃን ወዲያ ባለ አንድ ደብር ያገለግላሉ። ከወንዶች ተማሪዎቻቸው ጋር አብረው አስተምረዋት ዳዊት ትደግማለች፤ ሒሳብ ላይ ደግሞ ከክፍሏ የሚደርስባት የለም። የተበጠሰ የፕላስቲክ ጫማ መጠገን ትችልበታለች። ቢላ ከሰል ላይ ታግልና የተበጠሰውን ጫፍ አቅልጣ ታጣብቀዋለች፤ የግቢው ልጆች ሁሉ ጫማቸውን ለሷ ነበር የሚያመጡት። ስትጠግን ምላሷን በጥርሷ ያዝ ታደርጋለች። አባቷ ባመጧት ቀን እናቴን «አደራሽን፤ ያለችኝ እሷ ናት» አሏት። እናቴ «በኔ ይሁንብዎ፣ አባ» አለች።

ለጥምቀት በአይሱዙው ሄደች። ሌሎቹ ልጆች በየመንገዱ ወረዱ፤ አገሯ ሩቅ ስለሆነ የመጨረሻዋ ተሳፋሪ እሷ ነበረች። ስትመለስ ግን በመኪና አልመጣችም። ለገበያ ከሚወጡ ሰዎች ጋር ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት በእግሯ መጣች፤ ጫማዋ ተቆራርጧል። እናቴ «መኪናው ቆሞ ሲጠብቅሽ?» ብትላት «አመለጠኝ» አለች። ከዚያ ክፍሏ ገብታ ተኛች።

ከዚያ ወዲያ አገሯ መሄድ አቆመች። አባቷ ስንቅ በሹፌሩ እጅ ይልኩላታል፤ እሱ አምጥቶ በራፏ ላይ ያስቀምጠዋል። «ትንሿ እኅታችን ምነው ጠፋች?» ብሎ እናቴን ይጠይቃታል። ማዳበሪያው ሳይፈታ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ልጅቷ ጓደኞቿ ካበሏት ትበላለች፤ አለዚያ አትበላም። ቀለሟ ጠቆረ፣ አንገቷ ቀጠነ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። እናቴ ይህን ያየችው እንደ ጾም ነው። «የቄስ ልጅ አይደለች? እንደ አባቷ ጾሟን ማጥበቋ ነው» ትል ነበር። ለጎረቤት ታወራላት ነበር፤ ምሳሌ አድርጋ ለሌሎቹ ልጆች ትነግራቸው ነበር። የሒሳብ ውጤቷ ሲወርድ «ሆዷ ባዶ ሆኖ ምኑን ታስበዋለች» አለች፤ ግን ቅር አላላትም፤ ጽድቅ ነው ብላ ነው። እኔም ቅዳሜ እየመጣሁ ልጅቷን አያታለሁ፤ እኔም ጾም መሰለኝ። አንድ ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ እየጠፋች ሁላችንም በጽድቋ ስንገረም ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም እንቅልፍ ይነሳኛል።

ለፋሲካ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁሉም ልጆች ወደ አገራቸው ሊሄዱ ተነሱ። ቀድመው የሄዱም ነበሩ። የቀረችው እሷ ናት። «እዚሁ ልዋል» አለች። እናቴ «አባትሽ ምን ይሉኛል? ለትንሣኤ ልጄን ከለከለች አይሉኝም?» አለች። አዲስ ነጠላ ገዛችላት፣ ለእናቷ የሚሆን ስኳር ቋጠረችላት፣ ጠዋት አይሱዙው በራችን ላይ ሲቆም እጇን ይዛ አወጣቻት። እኔ ዕረፍት ላይ ስለነበርኩ ግቢ ውስጥ ነበርኩ።

ልጅቷ የግቢው በር ጋ ስትደርስ የበሩን ብረት በሁለት እጇ ያዘች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ ያዘች ብቻ። እናቴ «ምን ሆነሻል? ወንድምሽ ቆሞ እየጠበቀሽ!» አለችና ጣቶቿን አንድ በአንድ ከብረቱ ላይ ማላቀቅ ጀመረች። አንዱን ስታላቅቅ ሌላው ተመልሶ ይይዛል። እናቴ መጀመሪያ እየሳቀች ነበር፤ ከዚያ ተናደደች። እኔ ዞር ብዬ ሹፌሩን አየሁት። ከጋቢናው ሆኖ ልጅቷን አላያትም። እኔን ነበር የሚያየው፤ ምን እንዳየሁ ለማወቅ የሚያይ ሰው አስተያየት ነው።

«ተያት፣ እማዬ» አልኩ። «ከኔ ጋር ትውላለች። ይሂድ።»

«አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ?»

«ተያት አልኩሽ።»

እናቴ ላይ እንዲህ ጮኼ አላውቅም። ለቀቀቻት። ሹፌሩ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። እናቴ ተኮሳትራ ቤት ገባች፤ ልጅቷ ግን እስክትረጋጋ ድረስ ብረቱን ይዛ ቆማ ቆየች።

ወጥ ቤት ይዣት ገባሁ። ምን እንደምጠይቃት አላውቅም ነበር። በሥልጠናው ላይ ጥያቄዎች ተነግረውን ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም። እሷ የራሷን ጫማ አወለቀችና ቢላውን ከሰሉ ላይ አስቀመጠች። የሚጠገን ነገር አልነበረውም ጫማው። እናቴ ዕቃ ፍለጋ ስትገባ ልጅቷ ቀና ሳትል ጠየቀቻት።

«እማማ፣ አንቱ ወንድምሽ ነው ብለውኛል አይደል?»

«ነው እንጂ። ታዲያ ከወንድምሽ ጋር መሄድ ምን ያሳፍርሻል?»

«ወንድም እንዲያ ካደረገ… ኃጢአቱ የማን ነው?»

እናቴ የያዘችውን ድስት መልሳ አስቀመጠች። ሌላው ነገር ቀስ እያለ ነው የወጣው፤ ሌሎቹ ልጆች ከወረዱ በኋላ መኪናውን ገለል ያለ ቦታ ላይ ማቆሙን፣ ጉም እንደነበረ፣ በሩ ከውስጥ የሚከፈተው በሱ በኩል ብቻ መሆኑን። የተደረገውን በስሙ ጠርታ አልተናገረችም፤ ቃሉ ለአፏ ከበዳት። የተናገረችው ግን በቂ ነበር። እናቴ ከሰሉ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ለምን ሳትነግሪኝ ቀረሽ፣ ልጄ?»

«ልጅዎ አይደለም እንዴ? ማሩን ሲጠባ እኔም ቆሜ አይቻለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን እናገር ነበር። ወንድም ነው ስላሉኝ… ከወንድሟ ጋር የምትባል እኔ ነኝ ብዬ ፈራሁ። አባቴ ደግሞ ቄስ ናቸው።»

እናቴ ቀኝ እጇን ጨብጣ አውራ ጣቷን መዳፏ ውስጥ ደበቀችው። ልጆቹን ከሰው የሚጠብቅ መስሏት ያሰረችው ነገር፣ የልጅቷን አፍ የዘጋው እሱ ነበር። ይህን ለማንም ማስረዳት አላስፈለጋትም፤ ለሁላችንም እዚያው ግልጽ ሆነ።

እናቴ ነጠላዋን ለበሰችና «ተነሺ፣ ልጄ» አለቻት። «ወዴት?» ስትላት «ወደ ሕግ» አለቻት። ልጅቷ እኔን አየችኝ። «አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አልኳት። ማለት የነበረብኝን ከሥልጠናው ያስታወስኩት ይኸንን ብቻ ነው። ቆይቼ ሳስበው ግን ሌላም ብዙ የሚባል ነገር አልነበረም። ፖሊስ ጣቢያ ሴት መርማሪ ተቀበለችን፤ ረጋ ብላ ነው ያናገረቻት። ከዚያ ሆስፒታል ሄድን። ሹፌሩ ከጉዞው ሲመለስ ከተማው መግቢያ ላይ ተያዘ።

ትንሣኤ እንዳለፈ ሽማግሌዎች መጡ። ከነሱ ጋር የንስሐ አባታችንም ነበሩ። እናቴ አስቀመጠቻቸው፤ የሚጠጣ ግን አላቀረበችም። በእሷ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም።

«የቤት ገመና ነው» አሉ ታላቁ ሽማግሌ። «እሱም ልጅሽ፣ እሷም ልጅሽ። የራስሽን ልጅ በፖሊስ እጅ ታስገቢያለሽ?»

«አስገብቻለሁ» አለች።

«ሰው ይሳሳታል። እሱም ተጸጽቷል። በእርቅ እንጨርሰው፤ የልጅቷም ስም ይሸፈን።» ወደ ንስሐ አባታችን ዞር አሉ። «ከሚስቱ ጋር መፋታት ይችላል። ልጅቷን ያግባት፤ ክብሯ ይመለሳል። ያስቸገረው ያ የጡት ነገር ብቻ ነው። እሱን ደግሞ አባታችን ይፍቱት።»

እኔ የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። በማር ያሰረችው ዝምድና ልጅቷን አላዳናትም፤ አሁን ደግሞ ልጅቷን ለዚያው ሰው ለመስጠት ሲባል ሊፈታ ነው። የንስሐ አባታችን አንገታቸውን ደፍተው «ሊፈታ ይችል እንደሆነ… እንየው» አሉ። ያን ቀን ካዘንኩባቸው ሰዎች ሁሉ በእሳቸው ያዘንኩት በለጠ።

እናቴ ቆመች። «አንቱ አባታችን ቁጭ ብለው ያዩት ነው» አለች። «እሑድ ቀን፣ ሰው ተሰብስቦ፣ እኅቶችህ ናቸው ያልኩት። እኔ አልፈታውም። ማንም አይፈታውም። እኅቱን ነው ያደረገው፤ ለዳኛውም የምነግረው እንዲሁ ነው።» ሽማግሌዎቹ ሌላም ነገር ሊሉ ነበር፤ እሷ ግን በሩን ከፍታ ቆመች።

እነሱም ወደ አባትየው ሰው ላኩ። ስለዚህ ያን ሰሞን ነገሩ ሁሉ በአባትየው እጅ ነበር፤ እሳቸው እሺ ካሉ ልጅቷ ከዚያ ሰው ጋር ትዳር ልትገባ ነው። ከአገራቸው መጥተው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አድረው ወደ ቤታችን ሲመጡ እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። እሳቸው አላነሷትም። ልጃቸው ፊት ዝቅ ብለው ተቀመጡና «ተናገሪ» አሏት። እሷም ተናገረች፤ ለእኛ ከተናገረችው አንድ ቃል ሳትጨምር። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ የላኩትን ሰው ጠርተው «ሴት ልጅ ለበደላት ሰው አትሰጥም። ይህንን ለምእመናኔ ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ በራሴ ልጅ አልሽረውም» አሉት።

ደስ አለኝ። እናቴም ተንፍሳ ቀና አለች። እሳቸው ግን ልጅቷን «ዕቃሽን ሰብስቢ» አሏት።

እናቴ «ትምህርቷ…» አለች። «አባ፣ እባክዎ፣ እዚሁ ትማር። ከዐይኔ አላጠፋትም። ቃል እገባለሁ።»

«በየትኛው ቃል?» አሏት። «አደራ ያልኩሽ ቃል ነበር፤ ሌላ የቀረሽ ቃል አለ?» ቁጣ አልነበረበትም አነጋገራቸው፤ እናቴን ግን የቆረጣት እሱ ነው። ልጅቷ ዘወር ብላ ሳታይ በእግሯ ሄደች። አባቷ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ሳይፈታ የኖረው የስንቅ ማዳበሪያ እዚያው ጥግ ላይ ቀረ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ እናቴ ምስክር ነበረች። ዳኛው «ለተከሳሹ ምኑ ነዎት?» ብለው ጠየቋት። «እናቱ ነኝ» አለች እናቴ። «ለዚህ ነው የመጣሁት።» ሹፌሩ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱን የደፋው። ተፈረደበት፤ ወኅኒ ወረደ። ፍርዱ በተሰማ ሰሞን አንዲት ሴት በራችን ላይ ቆመች። ቀደም ባለው ዓመት ተከራያችን ነበረች፤ በዓመቱ አጋማሽ ትምህርቷን ትታ አገሯ ስትገባ ናፍቆት ነው ብለን ነበር። «እውነት ታሰረ?» ብላ ብቻ ጠየቀች። «ታስሯል» ስንላት ሄደች። እናቴ ተከትላ ብትጠራት አልተመለሰችም። እናቴ ከዚያ ቀን በኋላ ነው ፀጉሯን መሠራት የተወችው።

የጡት ልጆቿን በሙሉ አሰናበተቻቸው። የባጃጁ ልጅ እያለቀሰ «እኔ ምን አጠፋሁ፣ እማዬ?» አላት። ምንም አላጠፋም ነበር፤ እሷም ታውቃለች። «አንተ አላጠፋህም። አጥሬ ውስጥ ግን አትግባ» አለችው። መንገድ ላይ «እማዬ» ሲሏት አሁን ዞር አትልም። ልጆቹ ወደ አገራቸው ሲሄዱ አብራቸው ትሳፈራለች። ስድሳ ያለፋት ሴት ናት፣ ጉልበቷ ያማታል፣ መኪና ያስታውካታል፤ ጋቢና ውስጥ በሹፌሩና በልጆቹ መካከል ተቀምጣ የመጨረሻዋን ልጅ እስከ ደጇ ታደርሳለች፤ ከዚያ በሌላ መኪና ትመለሳለች። ሎሚ ይዛ ነው የምትሄደው።

ባለፈው የክረምት ዕረፍት መጨረሻ ላይ እኔን ይዛ ወደ ልጅቷ መንደር ሄደች። ለአዲሱ ዓመት ትመለስ እንደሆነ ለመጠየቅ ነው። ከመካነ ብርሃን በኋላ ያለው በእግር ነው፤ ጭቃው ገና አልደረቀም ነበርና ዳገቱ ላይ የእናቴ ጫማ ተበጠሰ። ከነጠላዋ ጫፍ ቀዳ አሰረችበትና እያነከሰች ደረሰች። አባትየው ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ልጅቷ አደግ ብላለች። ተነሥታ ጉልበት ሳመች፣ አስቀመጠችን፣ ውኃ ሰጠችን። እናቴ ስለ ትምህርቱ ጀመረች። ክፍሉ እንደነበረ መሆኑን፣ ሌላ ሰው እንዳላስገባችበት፣ የሒሳብ መምህሯ አሁንም ስለሷ እንደሚጠይቅ ነገረቻት። ልጅቷ የእናቴን ውኃ ደግማ ሞላችላት። ከዚያ እናቴ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች፤ ቃሉ መሃል ላይ አልወጣላት አለ።

ልጅቷ የእናቴን እግር ስታይ ቆየችና «ጫማዎን ያውልቁ» አለቻት። እሳቱ ላይ ቢላ አስቀመጠች። ቢላው ጋለ። የተበጠሰውን ጫፍ አቅልጣ ስታጣብቅ ምላሷን እንደ ድሮው በጥርሷ ያዘች።

«ሌሎቹ ልጆች አሁን ከማን ጋር ነው የሚመላለሱት?» ብላ ጠየቀች፤ ዐይኗ ከጫማው አልተነሣም።

«ከኔ ጋር» አለች እናቴ፤ ይህን መናገር በመቻሏ ድምፅዋ ትንሽ ቀና አለ። «እኔው ራሴ መካከል ተቀምጬ እወስዳቸዋለሁ። እስከ በራቸው።»

ልጅቷ የጠገነችውን በጣቷ ተጭና እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች። ከዚያ ጫማውን ለእናቴ አቀበለቻት።

«ይኸው ነበር?» አለች። «አብሮ መሄድ ብቻ?»

እናቴ ጫማውን እግሯ ላይ አጠለቀችው፤ በደንብ ተጠግኖ ነበር፣ እስከ ደባርቅ አደረሳት።